ስለ ሻሽ ሁለት ጆሮዎች

ለተከበሩ የግንባታ ዕቃዎች መጋዘን የጥበቃ ክፍል ኃላፊ
ጉዳዩ፦ ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ እንዲቆረጡ ስለተወሰነባቸው ጆሮዎች

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ወገብዎን እንደተሻለዎት፣ እንቅልፍዎም እንደተመለሰ ተስፋ አደርጋለሁ። ሁለቱም ጆሮዎችዎ በተፈጠሩበት ቦታና በተፈጠሩበት መጠን ደህና ሆነው እንዲቆዩልዎ ደግሞ ከልብ እመኛለሁ።

እኔ የኋላውን ግቢ በቀን ፈረቃ የምጠብቅ ሠራተኛ ነኝ። አብራኝ የምትሠራው ውሻ ግንባሯ ላይ ነጭ ስላለባት ሻሽ ትባላለች። ጆሮዎቿ ረጃጅምና የተንጠለጠሉ ናቸው፤ እርስዎ በፈረሙበት መርሐ ግብር መሠረት ከነገ ወዲያ ሐሙስ በዕቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ተቆርጠው እንዲቆሙ ይደረጋል። የምጽፈው ይህ እንዳይሆን ለመለመን ነው። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ለእርስዎ ብቻ ጽፌ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ጸሐፊዎ «ጋሼ፣ አይተውታል፤ በቂ ምክንያት አይደለም ብለዋል» ብላ በፈገግታ መለሰችልኝ። ስለዚህ ሦስተኛውን ከምግብ አዳራሹ በር አጠገብ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ሠራተኛው እጁን ለመታጠብ ተሰልፎ ሲቆም የሚያነበው ነገር አጥቶ ነበርና ድፍረቴን በዚህ ይዩልኝ።

«የጥበቃ ውሾችን ገጽታ ወጥ ስለማድረግ» የሚለውን መመሪያ ስላወጡልን አመሰግናለሁ። የኋላው አጥር በዝናብ ከወደቀ ሁለት ዓመት ሆኖት እስከ ዛሬ ተራውን ሲጠብቅ፣ የውሾቻችን ጆሮ ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ ተጠንቶ፣ ተጽፎና ማኅተም ተመቶበት መውጣቱ መሥሪያ ቤታችን ሲፈልግ ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ አሳይቶናል። ቅሬታዎቼ የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ. የመመሪያው መነሻ በቢሮዎ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው፣ ቁልፍ የሚሸጥልን ሱቅ በስጦታ የላከው ካላንደር መሆኑን የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ነግሮኛል። ሥዕሉ ላይ ጆሮዎቹ እንደ ቀንድ የቆሙ ጥቁር ውሻ አለ፤ እርስዎም ፊቱ ቆመው «ውሻ ማለት ይሄ ነው! የእኛዎቹ እንቅልፍ ያልጠገበ ሰው ይመስላሉ» ብለዋል አሉ። ያንን ውሻ ደመወዝ ልፈርም በመጣሁ ጊዜ በደንብ አይቼዋለሁ። የቆመው በነጭ ወለል ላይ ነው፤ ዙሪያው የጭነት መኪና የለም፣ የብረት ክምር የለም፣ ሌባ የለም። ሥራው ፎቶ መነሣት ነው፣ ሥራውንም አሳምሮ ይሠራል። የሻሽ ሥራ ግን ሌላ ነው።

2ኛ. መመሪያው በተራ ቁጥር አራት ላይ ቆረጣው «በሙያተኛ ይከናወናል» ይላል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሊሰጥ የመጣው የእንስሳት ሐኪም ስለ ሻሽ ሲጠየቅ «ለቡችላ እንኳ የማላደርገውን! ይቺ እኮ የአምስት ዓመት ውሻ ናት፤ ምን አጥፍታ ነው?» ብሎ ሻንጣውን ዘግቶ ሄደ። ደግነቱ መመሪያው ሙያተኛ አለ እንጂ የምን ሙያተኛ እንደሆነ አልገለጸም፤ ስለዚህ ያለ ብዙ ፍለጋ ሙያተኛ ተገኘ፤ የቢሮ ወንበሮቻችንን ልብስ የሚቀይረው ሰፊ። የዋናው በር ውሻ፣ መቶ አለቃ የምንለው፣ በሸራ ላይ ለሦስት ተይዞ ተቆረጠ። ዝርዝሩን ለምሳ ለተሰለፈ ሰው አልጽፍም። ስፌቱ ያምራል፤ ክፍተቱ እኩል ነው፤ እርስዎ ከተቀመጡበት ወንበር ስፌት ጋር ቢያስተያዩት ልዩነት አያገኙበትም። ሰፊው ከዚያ በኋላ የኋላው ግቢ ቧንቧ ላይ ቆሞ እጁን ሲታጠብ አገኘሁት። ታጠበ፣ ደግሞ ታጠበ። «እኔ የማውቀው ወንበር ነው» አለኝ፤ «ወንበር አይጮህም።»

ውጤቱ ይኸው ነው። የመቶ አለቃ ግራ ጆሮ ቆሟል። ቀኙ አመርቅዞ ከመሀሉ ታጥፏል። ገጽታው ወጥ ይሁን ተብሎ የተቆረጠ ውሻ አሁን ከራሱ ጋር እንኳ ወጥ አይደለም። ድሮ ጽዳት ሠራተኛዋ እንኳ የአንገት ማሰሪያውን ታስርለት ነበር፤ ዛሬ ወደ ራሱ የተጠጋ እጅ ሁሉ መቀስ ይመስለዋል። ያሳደገውን የበር ጠባቂ የእጁ አንጓ ላይ ነከሰው። ባልደረባዬ ክሊኒክ ሄዶ አምስት ቦታ ተሰፍቷል፤ እውነቱን ለመናገር የእሱ ስፌት የውሻውን ያህል አላማረም።

3ኛ. ቆረጣው ውሻው የተሻለ እንዲሰማ ያደርጋል ተብሏል። ጆሮ ሲቀነስ መስማት የሚጨምር ከሆነ፣ ይህ ጥበብ በውሻ ከመጀመሩ በፊት ሁለት ማመልከቻዎቼን ጆሮ ዳባ ልበስ ባሉ ቢሮዎች ቢሞከር መልካም ነበር እላለሁ፤ ይህም ለመሥሪያ ቤቱ ካለኝ ተቆርቋሪነት የመጣ ሐሳብ ብቻ ነው።

4ኛ. ይህ ቁጥር ቅሬታ አይደለም። መመሪያዎ በተራ ቁጥር ሰባት ላይ፣ ምናልባት የጻፈው ሰው ሲደክመው፣ አንድ በር ክፍት ትቷል፦ የውሻው ጆሮ ለሥራው አስፈላጊ መሆኑን ውሻውን የያዘው ጠባቂ በጽሑፍ ካረጋገጠ ቆረጣው ይቀራል። በመጀመሪያው ማመልከቻዬ ያማታል ብዬ ጻፍሁ። በሁለተኛው ማንንም ነክሳ አታውቅም ብዬ ጻፍሁ። በቂ አልነበሩም። በቂ የሆነው ምክንያት ሁለቱንም ጊዜ እጄ ላይ ነበር፤ ደበቅሁት። ባለቤቴ ዛሬም እንድደብቀው ፈልጋ «አንተ ሰውዬ፣ ለውሻ ጆሮ ብለህ የልጆችህን ጉሮሮ ልትዘጋ ነው?» ብላኛለች። ይህን ያለችኝ ፊት ለፊቴ ቆማ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየለየች ነው፤ ከስድስት ዓመት ወዲህ የምታናግረኝ እንዲህ ነውና።

አልሰማም፣ ክቡር ኃላፊ። በዚሁ ድርጅት የድንጋይ መፍጫ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ቀኝ ጆሮዬ ሄዷል፤ ግራው ቀርቦ ለሚጮህ ሰው ብቻ ነው የሚሠራው። በየዓመቱ የጤና ምርመራ ላይ ነርሷ ፊቴ ተቀምጣ «በደንብ ይሰማሃል?» ትለኛለች፤ እኔም ከንፈሯን አይቼ «በደንብ» እላታለሁ። ፋይሌ ላይ «ጤናማ» ተብሎ ተጽፏል። ነርሷ አልዋሸችም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ተጠያቂውም እኔ ብቻ ነኝ።

የኋላው ግቢ በቀን ምን እንደሚመስል ከመስኮትዎ ይታያል። ዕቃ ማንሻው ፎርክሊፍት ወደ ኋላ ይነዳል፣ ቧንቧ ይራገፋል፣ ሹፌሮች ይጣራሉ። እኔ በዚያ መሀል የምቆመው ዓይኔን በሻሽ ጆሮ ላይ አድርጌ ነው። መኪና ከኋላዬ ሲመጣ ሁለቱም ወደ ኋላ ይተኛሉ። የማታውቀው ሰው ሲገባ ግራው ከሥሩ ብድግ ይላል። የምታውቀው ከሆነ ይነሣና መልሶ ይወድቃል፤ እኔም ዞር ብዬ ሰላም እላለሁ፤ ሰውም «ይሄ ሰውዬ ከኋላውም ዓይን አለው» ይላል። ባለፈው ዓመት የቧንቧው ክምር ሲናድ ጆሮዎቿ ከአንገቷ ጋር ሲለጠፉ አይቼ ዘለልሁ፤ የቆምሁበት ቦታ ላይ አራት ቧንቧ ተጋደመ። በምሳ ሰዓት ከቆርቆሮው ጀርባ የመዳብ ገመድ ሲቆርጡ የተያዙትን ሁለት ሰዎችም ያስያዛቸው ያ ግራ ጆሮ ነው። እርስዎ በሠራተኛው ስብሰባ ላይ «ለንቁ ጆሮው» የሚል የምስጋና ወረቀት ሰጡኝ። ጭብጨባው ሲያቆም አላወቅሁም ነበር፤ እጅ እየነሣሁ ብዙ ቆየሁ።

የተቆረጠ ጆሮ እንዴት እንደሆነ በመቶ አለቃ ላይ አጥንቻለሁ። ለመኪና ይቆማል፣ ለዝንብ ይቆማል፣ ለምንም ይቆማል። ሁልጊዜ አንድ ቃል ብቻ ከሚናገር ሰው ምን ይሰማል? ሐሙስ የሚቆረጡት ጆሮዎች የእኔም ናቸው ስል ለማሳዘን አይደለም፤ የሥራ ሪፖርት ነው።

ምን እንደጻፍሁ አውቃለሁ። የማይሰማ ጥበቃ በደንቡ ላይ ቦታ የለውም፤ ከተሰናበትሁም ፊሽካውን፣ ካፖርቱንና ሻሽን መልሼ ማስረከብ አለብኝ፤ እሷም የንብረት ቁጥር አላት። ሁለታችንንም በአንድ ፊርማ ሊጨርሱን ይችላሉ። የምለምነው ይህን ብቻ ነው፦ ነገ ረቡዕ ግቢው መሀል ጀርባዬን አዙሬ ልቁም፤ ፎርክሊፍቱ ከፈለገው አቅጣጫ ይምጣብኝ። የእሷን ጆሮ አይቼ በጊዜ ካልዞርሁ ሰፊው ይጠራ። ከዞርሁ ተራ ቁጥር ሰባት ይፈጸምልን፤ እኔንም ደንቡ እንደሚለው ያድርጉኝ። ሳልፈተን ሐሙስ ሦስት ሰዓት ቢደርስ ግን ውሻዋን በእጄ ወደ ግምጃ ቤቱ አላመጣትም። እስካሁን የጻፍሁትን በትሕትና ጽፌዋለሁ፤ ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን እንዲሁ እንዳለች ይውሰዷት።

የወንበርዎ ልብስ እንዳይተረተር፣ ፊርማዎ እንዳይደርቅ፣ በጥበቃዎ ሥር ያለን ሁሉ ሰውም ሆነ ውሻ እንደተፈጠርን ሆነን እንድናገለግልዎ እየተመኘሁ፣ ከማይነጥፍ አክብሮት ጋር፣

የኋላው ግቢ የቀን ጥበቃ

ግልባጭ፦
ለጤና ምርመራ ክፍል (ከይቅርታ ጋር)
ለወንበር ልብስ ሰፊው
ለባለቤቴ፣ አስቀድማ አንብባ ለተቆጣችው

ማሳሰቢያ፦ ውሳኔዎ ስንብት ከሆነ በስልክ እንዳያስነግሩኝ አደራ፤ በወረቀት ይሁን፣ ወይም ፊት ለፊቴ ቆመው ይንገሩኝ። ከኋላዬ ቢመጡም ግድ የለም፤ መምጣትዎን ሻሽ ትነግረኛለች፣ እስከ ሐሙስ ሦስት ሰዓት ድረስ።