ነጩ አፈርና የአለሚቱ ጎመን

ሰኞ
ጎመኑ ዛሬም ቢጫ ነው። ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ። ልጄ አለሚቱ እርጉዝ ናት፣ ሰባት ወሯ። ነርሷ ደም አንሶሻል ብላ እንክብል ሰጠቻት፤ አረንጓዴ ቅጠልም ብይ አለቻት። ገበያ ላይ ቅጠል ጠፍቷል። እናቷን ያጣኋት እሷን በወለደች ማግስት ነው።
ዛሬ የሠራሁት፦
ውሃ ሁለት ጊዜ።
አመድ አንድ ቅርጫት።
ጸሎት።
አመዱን በትን ያለኝ ጎረቤቴ መምህር አዱኛ ነው። የጎጃም ሰው ነው። "የኛ መሬት የሚድነው በአመድ ነው" አለኝ።

ማክሰኞ
የግብርና ባለሙያዋን ለምኜ አመጣኋት። አፈሩ ላይ ሎሚ ጨመቀች። ተንጨረጨረ፣ አረፋ አወጣ። ደነገጥኩ።
"ጋሼ፣ ይሄ ነጭ አፈር ኖራ ነው። የጎጃሙ ኮምጣጣ ስለሆነ አመድ ይፈውሰዋል። እርስዎ ግን በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ጨመሩበት!"
ሦስት ወር ሙሉ፣ በገዛ እጄ።
አዱኛ ከአጥሩ ማዶ ሰምቶ ኖሯል። "አፈራችሁም እንደናንተ ግትር መሆኑን በምን ልወቅ?" አለ። ሁለቱም ሳቁ። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም።

ረቡዕ
ባለሙያዋ ያለችኝን ሳልረሳው ልጻፍ።
የሚተከል፦ ቆስጣ፣ ቀይ ሥር። ለከርሞ ሮማን።
የማይተከል፦ ሎሚ፣ ኖራ አይወድም።
ፍግ፦ የበሰበሰ፣ ብዙ።
አመድ፦ በጭራሽ።
ከችግኝ ጣቢያ አሥራ ሁለት ቆስጣ ሰጡኝ፣ ተከልኩ። ግድግዳው ሥር ጉድጓድ አየሁ። ዶሮ የጫረችው መስሎኝ ድንጋይ ጫንኩበት።

ሐሙስ
ዶሮ አይደለችም። አለሚቱ ድንጋዩን አንስታ ነጩን አፈር ስትቅም ደረስኩባት። ከንፈሯ ዱቄት የነካው ይመስላል።
"አባ፣ አትቆጣኝ። አምሮት ነው።"
መቆጣቱ ቀርቶ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስንት ቀን በላች? አልጠየቅኳትም። ፈራሁ።

ዓርብ
ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷ፣ ደም ሲያንስ አፈር ያሰኛል፣ አፈሩ ደግሞ እንክብሉን ከንቱ ያደርገዋል አለች። ሲያምርሽ ሽምብራ ቆርጥሚ አለቻት።
መንገድ ላይ አለሚቱ፣ "አንተ አመድ ትበትናለህ፣ እኔ አፈር እበላለሁ። ማን ማንን ይቆጣ?" አለችኝ። ይኸኔ ሳቅኩ። ቤት ስገባ ሽምብራ ቆላሁ። ግማሹን አሳረርኩት።

እሑድ
አንድ ቆስጣ ደርቋል። አሥራ አንዱ ቀና ብለዋል፣ መሃላቸውም አዲስ ቅጠል አለ፣ አረንጓዴ። የልጄን የታች ዓይን ቆብ ዝቅ አድርጌ ደሟን አየሁ፤ ውስጡ ገና ነጭ ነው።
ትናንት፣ አፈሩን ከነካች እንዳውቅ፣ ሳታየኝ ጉድጓዱ አፍ ላይ ሁለት ስንጥር አጋድሜ ነበር። ጠዋት ሄጄ አየሁ። እንዳጋደምኳቸው ናቸው።
ነገም አያለሁ።