የአቶ ፋንታሁን ጎሹ የሕይወት ታሪክና ስፖንሰራቸው የተለያቸው ምክንያት

አቶ ፋንታሁን ጎሹ ከአባታቸው ከአቶ ጎሹ ወልደ ዮሐንስና ከእናታቸው ከወይዘሮ እማዋይሽ ይባረክ በ1956 ዓ.ም. በደምቢያ፣ ኮላ ድባ ተወለዱ። እዚያው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው በ1973 ዓ.ም. ወደ ጎንደር መጡና አራዳ በሚገኝ ጋራዥ የሞተር ብስክሌት ጥገና ለመዱ። ከአምስት ዓመት በኋላ የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ። የሞተርን ሕመም ገና ከሩቅ በድምፁ የሚለዩ ባለሙያ ነበሩ።

በ1982 ዓ.ም. ከወይዘሮ አዜብ ትዕዛዙ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ፍሬሰላምንና ራሔልን ወልደዋል።

በ2004 ዓ.ም. ሦስት ተወዳዳሪዎች ያሉት የሞተር ብስክሌት ቡድን አቋቋሙ። በ2007 ዓ.ም. አንድ የዱቄት ፋብሪካ ስፖንሰር ሆናቸው። ፋብሪካው ጎማ፣ ነዳጅና መለያ ልብስ ሲሰጥ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስሙ በየሞተሩ የነዳጅ ታንከር ላይ በግልጽ እንዲታይ።

ፋብሪካው በ2010 ዓ.ም. ለምን እንደ ተለያቸው በከተማው ብዙ ተወርቷል። «አያ ፋንታሁን ጎማውን ሸጠው በሉት» ተባለ። «ስፖንሰሩ የት ገባ?» እያሉ ሲያሾፉባቸው «እንግዳ ሲወጣ ምነው ሄድህ አይባልም» ብለው ይስቁ ነበር።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። ይህን ጽፌ የማነብላችሁ እኔ የእህታቸው ልጅ አንዱዓለም ከሦስቱ ተወዳዳሪዎች አንዱ ነበርሁ። በልምምድ ሁለት ጊዜ ወድቄ ስለ ፈራሁ፣ በዚያው በ2010 ዓ.ም. በተደረገ አንድ ውድድር ዕለት ጠዋት የቅዱስ ሚካኤልን ሥዕል ታንከሩ ላይ ለጠፍሁ። የለጠፍሁትም በፋብሪካው ስም ላይ ነው። ከስሙ በታች ባደርገው መልአኩን የማሳንስ መስሎኝ ነበር። ሁለተኛ ወጣሁ። ፋብሪካው የጋበዛቸው ደንበኞች ግን ስሙን በሞተሬ ላይ ፈልገው አጡት።

በሳምንቱ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ አጎቴንና እኔን ጠሩን። «ልጁን ያባርሩ፤ ውላችን ይቀጥላል» አሏቸው። አጎቴም «ልጁ ምን አጠፋ? ለጥፍ ያልሁት እኔ ነኝ» ብለው መለሱ። አጠገባቸው ቆሜ ነበር። አንገቴን ደፋሁ እንጂ አልተናገርሁም። ውሉ ተቋረጠ፤ ቡድኑም በዓመቱ ፈረሰ። ስማቸው ሲጠፋ ሰባት ዓመት ሙሉ ዝም አልሁ። ወይዘሮ አዜብ እንኳ ይህን የሚሰሙት ዛሬ፣ ከእናንተ ጋር ነው።

አቶ ፋንታሁን ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ61 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም ሊያባርሩት ያልወደዱትን የእህታቸውን ልጅ ትተው ሄደዋል።

ጎማ ሸጡ ያላችሁ ሁሉ፣ አፈር ሳይለብሱ ወሬውን ከእሳቸው አንሡና በእኔ ላይ አድርጉት። እግዚአብሔር አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋግ አባቶች ጎን ያሳርፍልን፤ እሳቸውን ፊት ለፊት ይቅርታ የምንጠይቅበትንም ቀን አያሳጣን። አሜን።