አባዬ፣ ስለ ግራ ትከሻው

ለውዱ አባዬ፣

ከተለየኸን ሰባት ወር ሞላ። እጄ ለምዶ፣ ደህና ነህ ወይ ብዬ ልጀምር ነበር። እኛ ደህና ነን። ደህና ስልህ እንበላለን፣ እንተኛለን፣ እኔም ኮሌጅ እመላለሳለሁ። ሰዎች በረታሽ ወይ ይሉኛል፤ በርትቻለሁ እላለሁ። እውነቱን ልንገርህ? እስከ ቅርብ ጊዜ ምንም አይሰማኝም ነበር። ከቀብርህ ዕለት የማስታውሰው የአጎቴ ኮት እጅጌ መርዘሙን ነው። ሰው ሁሉ እያለቀሰ እኔ ሁለት ሴንቲ ቢያጥር እያልኩ ቆሜ ነበር።

ቤቱ ያው ነው። ጀሞ አራተኛ ፎቅ ላይ ውሃ ስትፈልግ ትመጣለች፣ ስትፈልግ ትቀራለች። እማዬ ሸሚዞችህን አገር ቤት ለወንድሞችህ ላከች። አንዱን ግን ትራሷ ሥር አይቼዋለሁ፤ አልጠየቅኳትም። ላፍቶ ያለችውን የስፌት ሱቅህን አልዘጋናትም። ከክፍል ስወጣ ሄጄ እከፍታታለሁ። ደንበኞችህ በሩ ላይ ቆመው ወደ ውስጥ ያያሉ፣ ከዚያ ሰላም ብለውኝ ያልፋሉ። የሚገቡት ዚፕ የሚያስቀይሩ ብቻ ናቸው።

ትምህርቴ ሊያልቅ አንድ ሴሚስተር ቀረው። የዲፓርትመንቱን ስም ጨርሰህ ጠርተኸው አታውቅም። ዓለም አቀፍ የልብስ ማምረትና የምርት ልማት ስልህ፣ ልጄ ልብስ ትማራለች ብለህ ታሳጥረው ነበር። ደንበኞችህም ልብስ ደግሞ ምን ትምህርት አለው ብለው ይስቁ ነበር። ክፍል ውስጥ፣ ውጭ አገር ያለ ገዢ በላከው ወረቀት መሠረት ሳምፕል፣ ማለትም ናሙና ልብስ፣ እናወጣለን። አንድ ሸሚዝ አሥር ገጽ ይሆናል፤ ከቁልፍ እስከ ቁልፍ ያለው ርቀት ሳይቀር ተጽፎ ይመጣል። የሚለብሰውን ሰው ግን ማንም አያውቀውም። ስሙ ስሞል፣ ሚድየም፣ ላርጅ ነው። ይህን ስነግርህ ሜትሩን አንገትህ ላይ እንዳንጠለጠልክ ሳቅህ ይመጣ ነበር። እኔም እናደድና፣ አንድ ቀን ሙሉ አንድ ሱሪ ላይ ተጎልተህ የት ልትደርስ ነው እልህ ነበር። አፌን ቁርጥ ያድርገው።

የምጽፍልህ ስለ መዘምራኑ ጋውን ነው፤ ለቡ ላለችው ቤተ ክርስቲያናችን ልትሰፋው ስለነበረው ወይን ጠጅ ጋውን። ጨርቁን ገዝተህ፣ ሃያ አራቱንም ሰው ለክተህ፣ ደብተርህ ላይ ጽፈህ፣ መቀስ ሳታነሳ ሄድክ። መዘምራኑ ለሌላ ሰፊ እንስጠው ሲሉ፣ የአባቴን ሥራ እኔው እጨርሳለሁ ብዬ ድርቅ አልኩ። ከደብተርህ ደረትና ቁመት ብቻ ወሰድኩ። ከገጹ ግርጌ የሞነጫጨርከውን አላነበብኩትም፤ ጽሑፍህ መቼም ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው። ሃያ አራቱን ሰው ሦስት ሳይዝ ውስጥ ከተትኳቸው። ኮሌጅ እንደተማርኩት ጨርቁን ደራርቤ በአንዴ ቆረጥኩት። አንተ ሁለት ወር የምትፈጅበትን በሁለት ሳምንት ጨረስኩት። ኩራቴን ብታየው!

ቅዳሜ ልምምድ ላይ ሁሉም ለበሱ። እጅጌው የረዘመበት ነበር፣ ወገቡ የሰፋባት ነበረች፤ ግን ያስኬዳል። አንዷ ስትለብስ ግን ሁሉም ዞሮ አያት። ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰው ሊያነበው ስለሚችል ስሟን አልጽፈውም፤ አንተ ታውቃታለህ። ጋውኑ በግራ ወርዶ መሬት ሊነካ ደረሰ፣ በቀኝ ወደ ላይ ተሰቀለ። እሷ እየሳቀች ወዲህ ወዲያ ጎተተችው፤ እሺ አላለም። ከኋላ አንዱ፣ ኮሌጅ ያስተማራት ይህን ነው እንዴ አለ። ሌላዋ፣ ምን ታድርግ፣ የአባቷ እጅ የላትም አለች።

በማፈር ፈንታ ተናደድኩ። ጋውኑን ሱቅ ወስጄ ዘርግቼ ለካሁት። ሁለቱ ትከሻዎች እኩል ናቸው፣ በሚሊ እንኳ አይበላለጡም። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሰው ሁሉ ባለበት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ በሜትር ላሳያቸው ቆረጥኩ። የእኔ ስፌት ቀጥ ያለ ነው፣ ችግሩን ሌላ ቦታ ፈልጉ ልላቸው። ለማስረጃ የሷን ልኬት ላወጣ ደብተርህን ገለጥኩና ግርጌውን ያን ጊዜ አነበብኩት። የግራ ትከሻ ስፖንጅ ከቀኙ በአንድ ጣት ይወፍር ይላል። ሕመሙን ጌታ ወስዶላታል፣ ይቺን መዛነፍ ግን ለእኔ ትቷታል ይላል። ለማንም አይነገር፣ ለራሷም።

ቁጭ አልኩ። ልጅ ሆኜ መድረክ ላይ ወጥታ ስትመሰክር ሰምቻታለሁ። በልጅነቷ ወድቃ የተጎዳው የግራ ትከሻዋ ሕመም በጸሎት እንደተዋት፣ መስታወት ፊት ስትቆምም ትከሻዋ ቀጥ ብሎ እንዳየችው ተናገረች። ጉባኤው በእልልታ ቀለጠ። አንተም ከጎኔ ተቀምጠህ እጅህ እስኪቀላ አጨበጨብክ። የለበሰችውን ቀሚስ የሰፋህላት አንተ ነበርክ! ከዚያ ወዲህም ሁሉንም የሰፋህላት አንተ ነህ፤ በሁለቱም ትከሻ ስፖንጅ እያደረግክ፣ የግራውን እያወፈርክ። ይህን ሁሉ ዓመት ለእማዬ አልነገርክም። ሙያህን ወረስኩ እያልኩ ለምንጠባረረው ለእኔም አልነገርክም።

እሑድ ሜትሬን ከቦርሳዬ አላወጣሁም። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ስቆርጠው ተሳስቻለሁ አልኩ፣ ሁሉም እየሰማ። መሪያቸው ምንም አይደል አለኝ። የሚቀጥለውን ልብስ ግን ለሌላ ሰፊ ሊሰጡት እንደሆነ ሰማሁ። ይስጡት።

ስፖንጁን ሠርቼ በሳምንቱ አለበስኳት። የመስኮቱ መስታወት ላይ ራሷን አየች፤ ቀጥ ብላለች። እኔ ስፒል በከንፈሬ ይዤ ጫፉን ሳስተካክል ራሴን ዳበሰችኝና፣ አይዞሽ፣ አባትሽም ሲጀምር ስንቱን አበላሽቶ ይሆናል አለችኝ። አዎ፣ ያበላሽ ነበር አልኳት። ዋሸሁብህ አባዬ። የሰው ጨርቅ አበላሽተህ አታውቅም። ያኔ ናፈቅከኝ። ሰባት ወር ሙሉ ያልመጣው ሐዘን እዚያው ተንበርክኬ ሳለሁ መጣ። ምነው በነገርከኝ አልኩ። ደግሞ ብትነግረኝ ኖሮ አፌን እንደማልይዝ ታውቅ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ አስጨነቀኝ። ስፌት የማልችል መስያታለሁ፤ ቀሚስ ሲያምራት ወደ ሌላ ሰፊ ትሄዳለች፣ እሱም ገና ሲለካት ትከሻሽ እኩል አይደለም ይላታል። ሳምንቱን ሙሉ ይህን ሳስብ ከረምኩ።

ትናንት ሱቅ መጣች። ሰማያዊ ጨርቅ ይዛለች። እጅ መፍቻ ይሁንሽ፣ ብታበላሺውም አልቀየምሽም፣ ከእንግዲህ እኔ ላይ ተለማመጂ አለችኝ። አዝናልኝ እኮ ነው! እሺ ብዬ ለካኋት። ስትወጣ ደብተርህን አወጣሁና ከጽሑፍህ ሥር በእኔ እጅ ጻፍኩ፦ ግራው በአንድ ጣት፣ ለማንም አይነገር። ኮሌጁን እጨርሳለሁ፣ ፋብሪካም እገባ ይሆናል። አንተን የማስብህ ግን እንዲህ ነው፤ ግራውን እያወፈርኩ፣ እሷ ልብስ እስከለበሰች ድረስ።

ልጅህ