የደፈንኩት መስኮት

ሰኞ
የመኝታ ቤቱ የራዶን ጋዝ ልኬት ውጤት መጣ። ከሚፈቀደው መጠን በላይ ነው። የሳሎኑ ከዚያ በታች ነው።

ወረቀቱን ያመጣችልኝ ሆዳን ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ የምታስተምር የሰፈራችን ልጅ። ለጥናቷ በየቤቱ ካስቀመጠቻቸው ትንንሽ የፕላስቲክ መለኪያዎች አንዱ ሦስት ወር የጽጌ ኮመዲኖ ላይ ቆይቷል። ጽጌ ባለቤቴ ናት። በሳንባ ካንሰር ከሞተች ዓመት ከአራት ወር ሆናት። ሲጋራ ነክታ አታውቅም። የማጨሰው እኔ ነበርኩ፤ እሱንም በረንዳ ወጥቼ።

"ጋሼ፣ ከመሬት ነው የሚወጣው" አለችኝ። "ሽታ የለውም፣ አይታይም። በተሰነጠቀ ወለል ይገባል። ቤቱ ከተዘጋ ይጠራቀማል።"

ከተዘጋ። ሁለት ጊዜ ጻፍኩት።

ማክሰኞ
መስኮቱን የደፈንኩት እኔ ነኝ። ጽጌ ማሳል ስትጀምር የጅግጅጋ አቧራ ነው ብዬ ክፈፉን ዙሪያውን በስፖንጅና በፕላስተር አሸግኩት። ሳሉ ሲብስ የበሩን ስር በጨርቅ ወተፍኩ። "እስቲ ትንሽ ክፈተው፣ ታፈንኩ" ትለኝ ነበር። "አቧራው ይገድልሻል" እላት ነበር።

ሆዳንን ጠየቅኳት። ጋዙ ነው የገደላት?

"እንደዚያ ማለት አይቻልም ጋሼ። ለሳንባ ካንሰር ያጋልጣል፤ እገሌን የገደለው እሱ ነው ግን አይባልም። ደግሞ ብዙ ዓመት የሚወስድ ነገር ነው። ሳሉ የጀመራት እርስዎ ከመድፈንዎ በፊት አይደል?"

ነው። ሠላሳ ዓመት ዜና ስጽፍ ያልተረጋገጠ አላወጣሁም፤ ይህንንም አላወጣም። የተረጋገጠው ይሄ ነው፦ አየር ጠየቀችኝ፣ ከለከልኳት።

ረቡዕ
ልጄ ሜሮን ከድሬዳዋ ደወለች። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ ትመጣለች።

"አባዬ፣ እኔ የምታረሰው እማዬ አልጋ ላይ ነው። ሌላ ክፍል እንዳታዘጋጅልኝ።"

እሺ አልኳት። ስለ ውጤቱ አልነገርኳት።

ፕላስተሩን ላጥኩት፤ ቀለሙን ይዞ ተነሳ። መስኮቱ ተከፈተ። ሆዳን ግን ለአራስ ቤት ይሄ አይበቃም ትላለች፤ ነፋሱ ሲነሳ መልሰን እንዘጋዋለን። የወለሉ ስንጥቅ ይደፈን፣ ከወለሉ ስር ቱቦ ገብቶ አየሩን ከጣሪያ በላይ ያውጣው። ለቅዳሜ ግንበኛ ይዣለሁ። ሥራው ሲያልቅ ሆዳን በጥቂት ቀን ውጤት የሚሰጥ መለኪያ ታመጣለች።

ቤቱ ግን የአከራዬ የሐጂ ነው። ካልፈቀዱ ሜሮን ሳሎን ትተኛለች። ለምን ብላ ትጠይቃለች። መልሱ መስኮቱ ጋ ያደርሳል።

ሐሙስ
አከራዬ ሐጂ በር ላይ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ቤታቸው ከእኛ ጋር ግድግዳ ይጋራል።

"ጋዝ? ወርያ፣ አንተ ጋዜጠኛ! ሟች ወጥ የምትሠራው በከሰል አልነበረም? የጋዙን ጀሪካን አውጥተህ ጣለው፣ አበቃ!"

ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅኩ። "ሐጂ፣ የምድጃ ጋዝ አይደለም። ከመሬት የሚወጣ አየር ነው።"

"ሠላሳ ዓመት ከላይ ወሬ ስታመጣልን ኖረህ፣ አሁን ደግሞ ከታች ጀመርክ?"

ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ገለባብጠው አዩት። ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ።

"እኛስ ጋ?"

"አልተለካም። መሬቱ ግን አንድ ነው።"

ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝና፣ "ጽጌን ይሄ ነው እንዴ?" አሉኝ።

"አይታወቅም።"

"ቤቱ የአባታችን ነው" አሉ በመጨረሻ። "ወለል ለመስበር የእኔ ቃል ብቻ አይበቃም። ወንድሜ ነገ ከባቢሌ ይመጣል። ከጁምዓ ሶላት በኋላ እንነግርሃለን። ያቺን የምትለካውን ልጅ ግን ዛሬውኑ ወደ እኛም ላካት።"

መኝታ ቤቱ ገባሁ። በተከፈተው መስኮት የገባው አቧራ ኮመዲኖው ላይ ተኝቷል። አልጠረግኩትም።

መልሱ ነገ ከጁምዓ በኋላ ነው። ለሜሮን ግን የነሐጂን መልስ ሳልጠብቅ፣ ጠዋት ደውዬ የመስኮቱን ነገር እነግራታለሁ።