ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የሄደ የሽንኩርት ሒሳብ

አምቦ፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኡርጂ ኮ፣ ኡርጂዬ፣ የዓይኔ ብርሃን፣

እንዴት ነሽልኝ? የባህሬን ሙቀት እንዴት አደረገሽ? እኛ ደህና ነን። ዝናቡ ስለጀመረ ከጉደር የማመጣው ሽንኩርት ሚኒባስ ላይ እየራሰ ያስቸግረኛል እንጂ ሌላ ክፉ የለም። ይህን ደብዳቤ ለሥራ ወደዚያ የምትመጣው የጎረቤታችን ልጅ ሃዊ ትሰጥሻለች። በስልክ ልነግርሽ ነበር፤ ግን አንቺ ስትቆጪ እኔ የምለው ይጠፋኛል።

ባለፈው እሁድ «እማዬ፣ የላክሽው ፋይል ባዶ ነው። ሱቋ አልሠራችም ማለት ነው፤ የሥራ ውሌን ለሁለት ዓመት አድሳለሁ» ብለሽኝ ነበር። እኔ እኮ ለጥምቀት መጥተሽ ያንን የሒሳብ መያዣ ስልኬ ላይ ከጫንሽልኝ ጀምሮ ሱቅ ስዘጋ የሸጥኩትን፣ የገዛሁትን፣ የባጃጁን ሳይቀር አስገባለሁ። የእድር መዋጮ የሚገባበት ባጣ ‹መዝናኛ› የሚለው ውስጥ ከተትኩት፤ አትሳቂ።

ሰኞ መናኸሪያው አጠገብ ስልክ የሚጠግነው ፉአድ ዘንድ ሄድኩ። ስልኬን ከፈተና ሳቀብኝ።

«አዴ ወርቂቱ፣ ይሄን ሁሉ ሽንኩርት የሸጥሽው ከስምንት ዓመት በፊት ነው እንዴ?»

«ምን ትላለህ አንተ!»

ለካ ነገሩ እንዲህ ነው። በከፈትኩት ቁጥር ዓመቱ 2025 ይላል። ተሳስቷል ብዬ ወደ 2017 እመልሰዋለሁ። በማግስቱ ደግሞ 2025። እንዲህ ስንሟገት ከረምን። ለካ እሱ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው! ፋይሉን ሳወጣ ደግሞ አንቺ እንዳልሽኝ ‹የዚህ ዓመት› የሚለውን ነካሁ፤ በእሱ ዓመት ምን ያግኝ?

«እና ጠፋ?» አልኩት።

«ምን ይጠፋል! ‹ሁሉም› የሚለውን ንኪ።» እኔኑ አስነካኝ፤ በኤክሴል ወጣ። ትናንት በቴሌግራም ልኬልሻለሁ።

ፉአድ «ዓመቱን ላስተካክልልሽ?» ሲለኝ፣ ቆይ አልኩት። ሒሳቡ ላይ ባለው የፈረንጅ 2017 አንቺ ገና ከቤት አልወጣሽም ነበር።

ስታይው አንድ ነገር ልብ በይ። አንቺ የላክሽው ገንዘብ እዚያ ውስጥ የለም፤ ባንክ እንደተቀመጠ ነው። ሱቋ ኪራይዋን ከፍላ፣ እኔንም አብልታ የተረፋት ነው መጨረሻው ላይ ያለው። ለሁለት ሰው ይበቃ እንደሆን አንቺ አስቢው፤ የተማርሽው አንቺ ነሽ። ፈርሚም አትፈርሚም አልልሽም።

ታች ‹ሚዛን› የሚል ወጪ ታገኛለሽ። አንድ እያለሽ ሁለተኛ ምን ያደርግልሻል እንዳትይኝ። የእኔው ደህና ይመዝናል። አዲሱን ከነካርቶኑ ባንኮኒው ላይ፣ በመስኮቱ በኩል፣ አስቀምጬዋለሁ።

እግዚአብሔር እጅሽን ከእሳት፣ እግርሽን ከእንቅፋት ይጠብቅልኝ። የደከምሽበትን ራስሽ ብዪው።

እናትሽ ወርቂቱ