ሦስተኛው መቅረት

ሰኞ፣ ኅዳር 5

ከቤት ወጣን 1፡40። ፌርማታ ደረስን 1፡55። ታላቅ እህቴ እትዬ ምርኩዟን በግራ እጇ ይዛ፣ እኔ ቦርሳዋን ይዤ።

ሦስት አውቶቡስ አለፈን። አንደኛው ጭራሽ አልቆመም። ሁለተኛው ቆመ፣ ግን ከምልክቱ ሃያ እርምጃ አልፎ። ሕዝቡ ግር ብሎ ሄደ፤ እኛ እስክንደርስ በሩ ተዘጋ። ሦስተኛው ላይ አንድ ጎረምሳ በትከሻው ገፍቶኝ መነጽሬ ወደቀ። አልተሰበረም። «ይቅርታ አባባ» አለኝ... ውስጥ ከገባ በኋላ።

በአራተኛው ሄድን። የፊዚዮቴራፒ ክፍሉ ቀጠሮ ሦስት ሰዓት ነበር። የደረስነው 3፡35።

መዝጋቢዋ ቀና እንኳ አላለችም። «ቀርታለች ብዬ ጽፌያለሁ።»

«ይኸው ቆማለች እኮ፣ ልጄ።»

«ደንቡ ግድግዳው ላይ አለ፣ አባባ።»

አነበብኩት። ሦስት ጊዜ የቀረ ታካሚ ተራው ለሌላ ይሰጣል። ፊዚዮቴራፒስቷ ደግሞ ያለችን ግልጽ ነው፦ ቀኝ እጇ በእነዚህ ሁለት ወሮች ካልተፈታ፣ ከዚያ በኋላ ተስፋ አታድርጉ። ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ሰፊ የነበረች ሴት ናት። ቀኝ ጎኗን ከታመመች ወዲህ መርፌ ቀርቶ ማንኪያ አትይዝም።



ረቡዕ፣ ኅዳር 7

ዛሬ የሠራሁትን ልጻፈው። ሌላ ሰው ቢያደርገው ኖሮ እስቅበት ነበር።

ችግሩ ሰልፍ ማጣት ነው ብዬ ደመደምኩ። 1፡30 ከእትዬ ጋር ፌርማታው ላይ ተገኘሁ። የመጣውን ሁሉ «እዚህ ጋ፣ በመስመር፣ አንድ በአንድ» እያልኩ አሰለፍኩ። ገረመኝ፣ ታዘዙ! አንዷ ሴትዮ «የድሮ አስተማሪዬን መሰሉኝ» አለች። አስተማሪዋ ልሆንም እችላለሁ።

አውቶቡሱ መጣ። በሩ አጠገብ ቆሜ አስገባሁ። አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን። ግፊያ የለ፣ ጩኸት የለ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ተማሪ ወደ ክፍል ሳስገባ እንደኖርኩት። አስተማሪ ደግሞ መጨረሻ ነው የሚገባው...

በሩ ተዘጋ። ሄደ።

ዘወር ስል እትዬ አጠገቤ ቆማለች።

«አገር ምድሩን አስገብተህ እኛን አስቀረኸን?»

«እትዬ፣ ሰልፉ እኮ...»

«ሰልፍህን ብላው!»

ቀጣዩም ሞልቶ አለፈን፤ ስንደርስ ሦስት ሰዓት አልፏል። ሁለተኛ መቅረት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 8

እንቅልፍ የለም። እኔም ክፍሌ ውስጥ ይህ ደንብ ነበረኝ። ሦስት ጊዜ የቀረ ስሙ ይሰረዛል። ስንቱን ሰረዝኩ? በምን እንደሚመጡ አንድ ቀን ጠይቄ አውቃለሁ?

አላውቅም። ጠይቄ አላውቅም።

እትዬ ከሰዓት በኋላ መርፌ ለመያዝ ሞከረች። ሰባት መርፌ ወደቀባት። ሁለቴ ጎንበስ ብዬ ላነሳላት ስል «ተወው!» አለችኝ። አራቱን በግራ እጇ አነሳች። ሦስቱ ወለሉ ላይ ቀሩ፤ ተኝታ ሳለ በባትሪ ፈልጌ ለቀምኳቸው።

ነገ በተራ አልገባም። በትህትናም አልገባም።

ዓርብ፣ ኅዳር 9

ኮቴን እንኳ ሳላወልቅ ነው የምጽፈው። ጽሕፈቴ ያሳፍራል። ይሁን።

አውቶቡሱ 2፡10 መጣ። ቀድሜ አንድ እግሬን ደረጃው ላይ፣ ጀርባዬን በሩ ላይ አደረግኩና ቆምኩ። መግባት የፈለገ ሰው ገፍቶኝ ገባ፤ በሩ ግን መዘጋት አልቻለም። እትዬ ከኋላ በዝግታ እየመጣች ነው።

ሾፌሩ፦ «አባት፣ ይግቡ ወይ ይውረዱ! በሩ አይዘጋም!»

«አውቃለሁ። እንዳይዘጋ ነው የቆምኩት።»

«ሰው እያስረፈዱ ነው!»

«ሠላሳ ስምንት ዓመት ያረፈደ ሰው ስጠብቅ ኖሬያለሁ። ዛሬ እናንተ ጠብቁኝ።»

ከውስጥ ጩኸት። «ሽማግሌ ብለን ዝም ብንል!» «ጎትቱት!» አንዱ ኮቴን ያዘ። አልለቀቅኩም። ሾፌሩ ተነሥቶ «ፖሊስ ልጥራ?» አለ።

«ጥራ። እሱ እስኪመጣ እህቴ ትገባለች።»

ገባች። መጀመሪያ ግራ እግሯ፣ ከዚያ ምርኩዙ፣ ከዚያ ያ እምቢተኛ ቀኝ እግር። ላይ ስትደርስ ቆማ ሁሉንም አየቻቸው።

«ምን ታፈጣላችሁ? እርጅና ከዚህ አውቶቡስ ቀድሞ ነው የሚደርስባችሁ!»

ከኋላ አንዱ ሳቀ። ከዚያ ሌላ። ወንበር ተለቀቀላት።

አራት ደቂቃ አስቆምኩት። ሰባ ሰው ቢሆን... ስንቱን የአለቃው ቁጣ ይጠብቀው ይሆን? ጥፋት ነው፤ አልክድም። እደግመዋለሁም።

2፡56 ደረስን። መዝጋቢዋ «መጥታለች» ብላ ጻፈች። ሲጻፍ ቆሜ አየሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 12

ደገምኩት። ሦስት ደቂቃ ተኩል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 21

ስም ወጥቶልኛል። «ሽብልቅ»። ዛሬ ፌርማታው ላይ አንዷ ልጅ ለጓደኛዋ «ሽብልቁ መጣ፣ ቶሎ እንግባ» ስትል ሰማሁ። ቅር አላለኝም። ተማሪዎቼ ያወጡልኝ ከዚህ የባሰ ነበር።

ሾፌሩም ለውጥ አለው። በሩን ልክ እትዬ ፊት አምጥቶ አቆመው። ሳመሰግነው ፊቱን አዞረ። «ለእርስዎ ብዬ እንዳይመስልዎ። ሰዓቴን እያበላሹብኝ ነው።»

ፊዚዮቴራፒስቷ «እትዬ ሌባ ጣታቸውን አጠፉ» አለች። እኔ አላየሁም። ብዙ አላምንም፤ በዓይኔ ካላየሁ አልጽፍም።

ዓርብ፣ ኅዳር 30

ጠብ። ቁርስ ላይ።

«ከሰኞ ጀምሮ ብቻዬን ነው የምሄደው።»

«በሩን ማን ይይዝልሻል?»

«አንተ በሩን በያዝክ ቁጥር ሰው የሚያየው አንተን ነው። እኔ የምትጫን ዕቃ መስያለሁ።»

«እትዬ፣ ብትወድቂስ?»

«ብወድቅ እወድቃለኋ! ለመውደቅም የአንተን ፈቃድ ልጠይቅ?»

የቆጠርኳቸውን አደጋዎች በዝርዝር ነገርኳት። ደረጃው፣ ፍሬኑ፣ ግፊያው፣ መውረጃው። ጨርሼ ስጠብቅ ሻይዋን ጠጣች። በግራ እጇ። «ጨረስክ? እንግዲህ ሰኞ» አለች።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 3

አትምጣ ብላኛለች። ሄድኩ። ማዶ፣ መድኃኒት ቤቱ ጥግ ቆምኩ፤ እንዳታየኝ።

አውቶቡሱ ዛሬ የሌላ ሾፌር ነው። ከምልክቱ አልፎ ቆመ። ሕዝቡ ግር አለ። እትዬ ከሁሉም ኋላ... እግሬ ተነሣ። መንገዱን ልሻገር። አንድ ፈርጣማ ሰውዬ ፊቷ ተደነቀረ። ያለችው እስከ ማዶ ተሰማኝ፦

«ዞር በል! ምርኩዜ ዓይን የለውም፣ እግርህ ላይ ነው የሚያርፈው!»

ዞር አለ። በሩን ደግሞ ሌላ ሴት፣ የማላውቃት፣ በክንዷ ደግፋ ያዘችው። እትዬ ወጣች። ግራ እግር። ምርኩዝ። ቀኝ እግር ዘገየ... ዘገየ... ወጣ።

መንገዱን አልተሻገርኩም።

ወንበር አልተለቀቀላትም። አውቶቡሱ ሲነሣ በመስኮቱ አየኋት፤ ቆማለች። ምርኩዙ በግራ እጇ ነው። ስለዚህ ብረቱን የያዘው ቀኙ ነው። መነጽሬን ጠርጌ ቆጠርኩ። አራቱ ጣቶች ብረቱን ከበውታል።

አውራ ጣቷ ገና ነው።