ኖላዊ በቃሉ የያዘው ቁጥር

ሲልቨር ስፕሪንግ
ቅዳሜ ጠዋት፣ ማርች 10 ቀን 2012

አባዬ፣

«ለእሷ ብዬ ነው» ብሎ ነገር የለም! የእማን ስልክ ከፋሚሊ ፕላንህ፣ በስምህ ከምትከፍለው የቤተሰብ መስመር፣ አስወጥተህ ከጭንቀት ያሳረፍካት መሰለህ? ትናንት መስመሩ ሳይቆረጥ ስደውልልህ ጆሮዬ ላይ ባትዘጋብኝ ይህን ሁሉ በአፌ እነግርህ ነበር። አሁን በሰው ስልክ ብደውል የማታውቀውን ቁጥር ስለማታነሳ ጻፍኩ። ጋሽ ንጉሡ ወደ አንተ ሰፈር፣ ወደ አሌክሳንድሪያ ሰው ስለሚያደርስ በታክሲው ይዞልህ ይመጣል። እሱ እንደ እኔ ጯሂ አይደለም፣ በር ላይ አታቁመው።

ለመሆኑ ሳልህ ተሻለህ?

ትናንት ከእማ ጋር ስልክ ሱቅ ሄድን። ፉአድ የሚባል የአገራችን ልጅ ነው የሚሰራው። በእማ ስም ፕላን አውጣልን አልነው። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሯን አስገባና ኮምፒውተሩ ላይ አፍጥጦ ቀረ። «ማዘር፣ ክሬዲትዎ፣ የብድር ታሪክዎ ማለቴ ነው፣ ትንሽ...» አለ። በምን እንደተበላሸ ታውቃለህ። ወንድሟ ወልደአምላክ መኪና ሲገዛ እምቢ ማለት ነውር ሆኖባት ኮሳይን አደረገችለት፣ ዋስ ሆና ፈረመችለት። እሱ መኪናውን ይዞ ቴክሳስ ገባ፣ እዳው ስሟ ላይ ቀረ።

እማ ምን አለችው መሰለህ? «ልጄ፣ እኔ የሰው ገንዘብ በልቼ አላውቅም። ቤተክርስቲያን ሄደህ ጠይቅ።» ፉአድ አንገቱን ደፋ። እኔ ግን «ሲስተምህ ቤተክርስቲያን አይስምም እንዴ?» ብዬ ጮህኩበት። የተሰለፈው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«ሉሊት፣ ዝም በይ! ልጁ ምን አደረገሽ?» አለችኝ እማ።

በእኔ ስም ሞከርን። ገና አሥራ ስምንት መሙላቴ ነው፣ ምንም ክሬዲት የለኝም። ለካ እዚህ አገር ያልተበደረ ሰው እንደ ሌባ ነው የሚታየው! ዲፖዚት አስይዙ አሉን፤ ከየት ይመጣል?

ፉአድ አዘነልን መሰለኝ፣ «ፕሪፔይድ፣ ሂሳቡን ቀድመው የሚሞሉበትን፣ ይውሰዱ ማዘር፣ ክሬዲት አይጠይቅም፣ አሁኑኑ አዲስ ቁጥር እሰጥዎታለሁ» አለ።

«አዲስ ቁጥር ምን ያደርግልኛል?» ብላ እዚያው ቆማ አለቀሰች።

አባዬ፣ ወንድሜ ኖላዊ የሚያውቀው ያንን ቁጥር ብቻ ነው። ዲቪው ሲደርሰን ሃያ አንድ አልፎታል ተብሎ አዲስ አበባ ቀረ። በኋላ በሱዳን አድርጎ ሊቢያ ሲሄድ፣ እማ ወረቀት ይቀሙታል ብላ በስልክ እየደጋገመች አስጠናችው። ኖላዊ እንደ ውዳሴ ማርያም ነው የሸመደደው። የአንተን አያውቅም። የእኔማ ስልክ ተናድጄ ግድግዳ ላይ ከወረወርኩት ቆይቷል። «ነገ ባህር እንገባለን» ያለውም በዚያው ቁጥር ደውሎ ነው።

ከዚያ ወዲህ ዓመት እንዳለፈ እኔም አውቃለሁ። ሽማግሌዎች ይዘህ ማለዳ መርዶ ልታረዳት ስትመጣ በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። «ሬሳውን ያየ ካለ ይግባ» አለቻቸው። አንድም የገባ የለም። አንተም ልብስህን ሰብስበህ ወጣህ።

«ትምህርት አቋርጠሽ ምን ታውቂያለሽ?» ብለኸኛል። ይህችን አውቃለሁ፦ ልጅህን መቅበር ቢያቅትህ ስልኩን ቀበርክ። ግን ይደውላል ብለሽ ታምኛለሽ ወይ ብለህ እንዳትጠይቀኝ። በእናቴ ሞት አትጠይቀኝ። ዛሬ ጠዋት እማ መስመር የሌለውን ስልክ ቻርጅ አደረገችው። ሻወር ስትገባም እንደ ልማዷ «ያዢልኝ» ብላ ሰጠችኝ። ያዝኩላት።

ፉአድ እንዳለው ቁጥሩ እስከ ዛሬ ማታ ድረስ በአንተ ስም ይቆያል። ከዚያ ለሌላ ሰው ይሰጡታል። ወደ ሱቁ ደውለህ ለፉአድ ፒንህን፣ የሚስጥር ቁጥርህን፣ ከነገርከውና «ልቀቁላት» ካልክ ወደ ፕሪፔይድ ያዛውረዋል። የማንም ክሬዲት አይታይም። የአንተ ቃል ብቻ ነው የሚፈለገው። እስቲ አስበው፣ አንድ ቀን ቢደውልና የማናውቀው ሰው «ሮንግ ነምበር» ብሎ ቢዘጋበትስ?

ደግሞ ሳልህን የጠየቀችው እማ ናት። እንዳትነግሪው ብላኛለች።

እግዚአብሔር ደረትህን ይማርልህ፣ አንጀትህንም ያራራልን።

የማትወዳት ግን የምትመስልህ ልጅህ፣
ሉሊት

የሱቁን ቁጥር ለጋሽ ንጉሡ ሰጥቼዋለሁ። እዚያው ሱቁ ውስጥ ስልካቸው አጠገብ ቆሜ እጠብቅሃለሁ። ሳይመሽ ደውል! ሰማኸኝ? ፀሐይ ሳትጠልቅ!